የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ከተማ መስመር ሲለቀቅ፦ ናሙና እንዴት ይወሰዳል? እንዴትስ ይመረመራል?

ተበላሽቶ ላቦራቶሪ የደረሰ ናሙና እንደተበላሸ ይቀራል። ማሽኑ ውድ ቢሆን፣ ባለሙያው ጎበዝ ቢሆን አያድነውም። ጠርሙሱ ከማይሆን ቦታ ወይም በማይሆን ሰዓት ከተሞላ፣ የሚወጣው ቁጥር ስለዚያች ጠርሙስ እንጂ ስለ ፋብሪካው አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ ብዙውን ቦታ ለናሙና አወሳሰድ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የጻፍኩት ፋብሪካ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃን ሥራ ለያዛችሁ፣ ለፍሳሽ ተቆጣጣሪዎችና ለጀማሪ የላቦራቶሪ ሰዎች ነው።

ጉዳዩ ለምን ከባድ ሆነ?

የከተማ ማጣሪያ ጣቢያ በዋናነት የሚሠራው ከመኖሪያ ቤት ለሚመጣ ፍሳሽ ነው። እዚያ ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እንደ ሳያናይድ ወይም ክሮሚየም ያለ መርዝ በብዛት ከመጣባቸው ይሞታሉ። ለማገገም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያው የመላ ከተማው ፍሳሽ በቅጡ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ብረቶች ደግሞ ጨርሶ አይበሰብሱም። ወይ ጣቢያውን አልፈው ይሄዳሉ፣ ወይ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ያ ዝቃጭ ከዚያ በኋላ ለእርሻ ማዳበሪያ አይሆንም። ቅባት ቱቦ ይደፍናል። አሲድ ሲሚንቶ ይበላል።

ሕይወት የሚያጠፋም አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1992 በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ ከተማ ፍሳሽ መስመር ውስጥ የገባ ቤንዚን ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 1981 በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሄክሴን የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ እሳት ይዞ ኪሎ ሜትሮች የሚሆን የፍሳሽ መስመር ከነመንገዱ አፈራርሷል።

በየአገሩ ወደ ፍሳሽ መስመር የሚለቀቀውን የሚገድብ ደንብ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከ5 በታች የሆነ ፍሳሽ ወደ መስመሩ እንዳይገባ ይከለክላል፤ መስመሩ ለዚያ ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ሙቀት እሳት የሚይዝ ፈሳሽንም ይከለክላል። ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ ፍሳሽም አይፈቀድም። የእናንተ ከተማ የራሱ ቁጥሮች ይኖሩታል። ሥራው የሚጀምረው እነዚያን ቁጥሮችና የፋብሪካውን ፈቃድ በማንበብ ነው። ፈቃዱ የትኛው ነገር ይለካ፣ ከየት ይወሰድ፣ በምን ዓይነት ናሙና፣ በስንት ጊዜ አንዴ የሚለውን ይናገራል። እሱን ሳያነቡ ጠርሙስ ይዞ መውጣት ድካም ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ፋብሪካውን እወቁ

ግቢውን በእግራችሁ ዙሩ። ውሃ ከየት ይገባል? የት ይቆሽሻል? የት ይወጣል? የቧንቧ ካርታ ካለ ተቀበሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ብዙ ግቢ ውስጥ ከካርታው በኋላ የተጨመረ ቧንቧ አለ። ጥርጣሬ ካለ መርዝ ያልሆነ ቀለም አንድ ቦታ ጨምሮ የት እንደሚወጣ መጠበቅ ይቻላል።

ከዚያ ከሠራተኞቹ ጋር አውሩ። ኃላፊው የማያውቀውን የፈረቃ ሠራተኛ ያውቃል። ጋኑ መቼ ይታጠባል? የቀለም ገንዳው መቼ ይደፋል? ሌሊት ምን ይሠራል? መጋዘን ያለውን የኬሚካል ዝርዝርም እዩ። ቆዳ ፋብሪካ ከሆነ ክሮሚየምና ሰልፋይድ ይጠበቃል። ብረት ለባጭ ከሆነ ሳያናይድ፣ ኒኬል፣ ዚንክና ክሮሚየም። ቄራና የወተት ፋብሪካ ከሆነ ቅባትና ከፍተኛ ቢኦዲ (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲበሉ የሚፈጁት ኦክስጅን)። ቢራ ፋብሪካ ጋኖቹን በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ ስለሚያጥብ ፒኤቹ በአንድ ቀን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ ቀለም፣ ጨውና ሙቀት ያመጣል።

ይህን ሳታውቁ ናሙና ብትወስዱ፣ ለምሳሌ ማለዳ 2 ሰዓት ላይ ንጹህ ውሃ ታገኙና «ችግር የለም» ትላላችሁ። ገንዳው ግን የሚደፋው ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው።

2. ትክክለኛውን ቦታ ምረጡ

መልካም የናሙና ቦታ የፋብሪካው ፍሳሽ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቅድመ ማጣሪያውን አልፎ፣ የከተማው መስመር ላይ ከመቀላቀሉ በፊት ያለው ነጥብ ነው። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ማንሆል (የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የመጸዳጃ ቤት፣ የካፍቴሪያና የማቀዝቀዣ ውሃ የሚቀላቀለው ከነጥቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ የምርት ፍሳሹ ቀጥኗል። ቁጥሩ ያምራል፤ ከፋብሪካው የወጣው ብረት ግን በግራም አልቀነሰም። ለዚህ ነው ብዙ ደንቦች ከማጣራት ይልቅ ውሃ በመጨመር ወደ ገደቡ መድረስን የሚከለክሉት። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን በናሙናው ቀን የገባውን የውሃ ቆጣሪ ንባብ ከሌላው ቀን ጋር ሳላስተያይ አልመለስም።

ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ተዉት። እዚያ ጠጣሩ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል። የሚገላበጥና በደንብ የተቀላቀለ ቦታ ፈልጉ። ጥልቀቱን በተመለከተ ወደ መሃል፣ ከላይ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ይሻላል። የላይኛውን አረፋ አትቅዱ፤ ግድግዳውንና ወለሉን አትጫሩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አተላ የዛሬ ፍሳሽ አይደለም፤ የወራት ክምችት ነው።

3. የቅጽበት ናሙና ወይስ ጥምር?

የቅጽበት ናሙና በአንድ ጊዜ የሚቀዳ ነው። ያቺን ደቂቃ ብቻ ያሳያል። ጥምር ናሙና ደግሞ በየሰዓቱ ወይም በየ15 ደቂቃው የተቀዱ ትናንሽ ናሙናዎች ድምር ነው፤ ብዙ ጊዜ የ24 ሰዓት ወይም የአንድ የሥራ ቀን ይሆናል።

ቢኦዲ፣ ሲኦዲ (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን)፣ ያልሟሟ ጠጣርና አብዛኞቹ ብረቶች በጥምር ናሙና ይለካሉ። ፒኤች፣ ሙቀት፣ ዘይትና ቅባት፣ ሳያናይድ፣ ሰልፋይድ፣ ቀሪ ክሎሪንና በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎች ግን ሁልጊዜ በቅጽበት ናሙና ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚተነው ይተናል። ቅባቱ ናሙና መቅጃው ቱቦ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፒኤች ደግሞ ሲደባለቅ ይጠፋፋል፤ ጠዋት ፒኤቹ 3፣ ከሰዓት ደግሞ ፒኤቹ 11 የነበረ ፍሳሽ ተቀላቅሎ 7 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ቱቦውን ግን ሁለቱም በየተራ በልተውታል።

ጥምር ናሙና ሲባል ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየሰዓቱ እኩል መጠን ይቀዳል። ሁለተኛው የፍሰቱን ብዛት ይከተላል። ፍሰቱ ቀኑን ሙሉ ተመሳሳይ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ካልሆነ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቁጥር እንየው።

አራት ጊዜ ቀዳን እንበል። ፍሰቱ በሰዓት 10፣ 30፣ 40 እና 20 ሜትር ኩብ ነበር። ሲኦዲው በቅደም ተከተል 400፣ 900፣ 2500 እና 600 ሚሊግራም በሊትር። እኩል ቀድተን ብንቀላቅል 1100 እናገኛለን። በፍሰቱ ልክ ብንቀላቅል ግን 1430 ነው። ገደቡ 1200 ቢሆን ፋብሪካው በአንዱ ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። እውነቱ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙው ውሃ የወጣው በቆሻሻው ሰዓት ነው። 2 ሊትር ጥምር ናሙና ለመሥራት ከአራቱ 200፣ 600፣ 800 እና 400 ሚሊ ሊትር ትወስዳላችሁ። የእያንዳንዱ ድርሻ የዚያን ሰዓት ፍሰት ለአጠቃላይ ፍሰቱ ማካፈል ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

አውቶማቲክ ናሙና መቅጃ ካላችሁ ሥራው ይቀላል። ግን የመምጠጫ ቱቦው ውስጥ ውሃው በሰከንድ ቢያንስ 0.6 ሜትር መሮጥ አለበት፤ ካልሆነ ጠጣሩ ቱቦው ውስጥ ይዘቅጣል። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ቱቦው በአየር ይጽዳ። ናሙናው የሚጠራቀምበት ዕቃ በበረዶ ይከበብ ወይም በማሽኑ ይቀዝቅዝ።

4. ፍሰቱን ለኩ

ያለ ፍሰት ልኬት መጠነ ቆሻሻው አይታወቅም። ቀላሉ መንገድ ባልዲና የሰዓት ቆጣሪ ነው። 20 ሊትር ባልዲ በ8 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2.5 ሊትር፣ በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ነው። ሦስቴ ሞክሩና አማካዩን ያዙ።

ፍሰቱ ከባልዲ በላይ ከሆነ የቪ ቅርጽ ያለው መለኪያ ሳንቃ ቦዩ ላይ ይተከላል። 90 ዲግሪ ለሆነ ቪ፣ ፍሰቱ በሜትር ኩብ በሰከንድ የውሃው ከፍታ በሜትር ወደ 2.5 ኃይል ከፍ ብሎ በ1.38 ሲባዛ ነው። ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሰከንድ ወደ 4.4 ሊትር ይወጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 24.7። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከ5 እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር መሳሳት ትልቅ ስህተት ነው። ከፍታውንም ሳንቃው አፍ ላይ አትለኩ፤ እዚያ ውሃው ጎንበስ ይላል። ከከፍተኛው የውሃ ከፍታ ቢያንስ 3 ወይም 4 እጥፍ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ለኩ።

5. ጠርሙሶቹን ቢሮ ሳላችሁ አዘጋጁ

ይህ ክፍል ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን ብዙ ናሙና የሚሞተው እዚህ ነው። ፍሳሽ በጠርሙስ ውስጥም ሕይወት አለው። ተሕዋስያኑ መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ ብረቱ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል፤ ጋዙ ያመልጣል። መከላከያው ሦስት ነው፦ ትክክለኛ ዕቃ፣ ትክክለኛ ኬሚካልና ቅዝቃዜ።

ለቢኦዲና ላልሟሟ ጠጣር ኬሚካል አይጨመርም። ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን። ቢኦዲ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ጠጣሩ በ7 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። እኔ ግን ቢኦዲን በዚያው ቀን ማስጀመርን እመርጣለሁ፤ 48 ሰዓት የመጨረሻው ጠርዝ እንጂ የሚመከር ቀጠሮ አይደለም።

ለሲኦዲና ለአሞኒያ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሩና አቀዝቅዙ፤ 28 ቀን ይቆያል። ለብረቶች በናይትሪክ አሲድ ከ2 በታች አውርዱ፤ 6 ወር ይቆያል። ሜርኩሪ ግን 28 ቀን ብቻ። ክሮሚየም 6 ለብቻው ይያዝ፤ አሲድ አይነካውም፣ ይቀዝቅዝና በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። አሲድ ውስጥ ከገባ ወደ ክሮሚየም 3 ይቀየርና መርዛማው ዓይነት እንደሌለ ሆኖ ይታያል።

ዘይትና ቅባት ሰፊ አፍ ባለው የብርጭቆ ጠርሙስ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ቅባት ይይዛል። በአሲድ ከ2 በታች፣ በቅዝቃዜ፣ እስከ 28 ቀን። ይህን ጠርሙስ በፍሳሹ አታለቅልቁት፤ አፉ ድረስም አትሙሉት። ከባልዲ ወደ ጠርሙስ አታገላብጡ፤ ቅባቱ ባልዲው ላይ ይቀራል። ጠርሙሱ ራሱ ፍሳሹን ይቅዳ። ላቦራቶሪውም ሙሉ ጠርሙሱን ይጠቀማል፤ ውስጡንም በሄክሴን ያጥባል። ከጠርሙሱ ከፍሎ መውሰድ አይቻልም።

ለሚተኑ ኬሚካሎች 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ያስፈልጋል። አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳይቀር ሞልቶ ይከደናል። ዘቅዝቃችሁ ጣት አስነኩት፤ አረፋ ከታየ ድጋሚ።

ሳያናይድ ደግሞ አሲድ ከሚጨመርባቸው ተቃራኒው ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮ ፒኤቹ ወደ 12 ይወጣል፤ እስከ 14 ቀን በቅዝቃዜ ይቆያል። ክሎሪን ካለበት መጀመሪያ ክሎሪኑ መወገድ አለበት። ሰልፋይድ በዚንክ አሲቴትና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተይዞ 7 ቀን ይቆያል።

አሁን የምለውን እባካችሁ አትዝለሉት። ሳያናይድ ያለበት ፍሳሽ አሲድ ከነካው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ይወጣል። ሰልፋይድ ያለበት ከነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ምን እንዳለበት የማታውቁትን ፍሳሽ በተዘጋ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ አሲድ አትጨምሩበት። ክፍት አየር ላይ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ጠብታ በጠብታ። የሚፈላ ወይም ጋዝ የሚያወጣ ከሆነ አቁሙ።

እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መለያ ቁጥር፣ የሚለካው ነገርና የተጨመረው ኬሚካል ይጻፍ። እርጥብ ጠርሙስ ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ውሃ የማያስለቅቀው ማርከር ያዙ።

6. ማንሆል ውስጥ አትግቡ

በአጭሩ ይኸው ነው። ናሙናው ከላይ ሆኖ በረጅም ዘንግ ወይም በገመድ ይቀዳል። ማንሆል ውስጥ ኦክስጅን ሊያልቅ፣ ሚቴን ሊጠራቀም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊኖር ይችላል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜቱን ያደነዝዛል። ሽታው ሲጠፋ አደጋው የጠፋ የመሰላቸው ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከአየር ስለሚከብድም ታች ይተኛል።

ክዳኑን የሚከፍት ሰው ከነፋሱ በተቃራኒ አይቁም፤ ነፋሱ ከጀርባው ይምጣ። የጋዝ መለኪያ በገመድ ወርዶ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይነበብ። ንጹህ አየር ውስጥ ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው፤ ከ19.5 በታች ካነበበ ቦታው አደገኛ ነው። ብቻችሁን አትውጡ። መግባት የግድ ከሆነ ይህ የሠለጠነ ቡድን፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የማውጫ ገመድና የጽሑፍ ፈቃድ የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው። ጓደኛው ሲወድቅ ሊያወጣው የገባ ሰውም አብሮት ይቀራል። ያለ መሣሪያ ተከትላችሁ አትግቡ።

7. ቅዱ፣ ለኩ፣ ጻፉ

መቅጃውን በፍሳሹ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። አፉን ፍሰቱ ወደሚመጣበት አዙሩ። ከተጠናቀቀ በኋላ ፒኤችና ሙቀት እዚያው ይለኩ። ፒኤች በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተነበበ ዋጋ የለውም። የፒኤች መለኪያው በዚያው ቀን ቢያንስ በሁለት በፈር (ፒኤቹ በሚታወቅ ፈሳሽ) ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ንባቡ መስተካከል አለበት፤ የፍሳሹ ፒኤች በሁለቱ መሃል ቢወድቅ ጥሩ ነው። ፍሳሹ አሲድ ከሆነ 4 እና 7፣ ኮስቲክ ከሆነ 7 እና 10።

ከአንድ ትልቅ ዕቃ ወደ ብዙ ጠርሙሶች ስታካፍሉ ያለማቋረጥ አማስሉ። ጠጣር በሰከንዶች ውስጥ ይዘቅጣል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ንጹህ፣ የመጨረሻው ጭቃ ከሆነ ክፍፍሉ ከንቱ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ነጥብ፣ ፍሰት፣ ቀለም፣ አረፋ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ፋብሪካው በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር ይጻፍ። ፎቶ አንሱ። ሽታውን አፍንጫ አስጠግታችሁ አትፈትኑ።

ሁለት ተጨማሪ ጠርሙሶች አብረው ይሂዱ። አንዱ ብላንክ ነው፦ ንጹህ የላቦራቶሪ ውሃ መስክ ላይ እንደ ናሙና ተቀድቶ፣ ያው ኬሚካል ተጨምሮበት ይመለሳል። ውስጡ ዚንክ ከተገኘ ዚንኩ ከዕቃው ወይም ከኬሚካሉ ነው። ሌላው ጥንድ ነው፦ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በሌላ ቁጥር። አንዱ 480 ሌላው 520 ካሳየ ልዩነቱ 40፣ አማካዩ 500፣ ስለዚህ 8 በመቶ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ 20 በመቶ ይቀበላሉ።

ጠርሙሶቹ በአይስ ቦክስ ይሂዱ፤ የርክክብ ቅጹም አብሮ። ማን ቀዳ፣ ለማን ሰጠ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ላይ ክፍተት ከተገኘ፣ ውጤቱ ክርክር ሲነሳ አይቆምም። ተቆጣጣሪ ከሆናችሁ ፋብሪካው ከፈለገ ከዚያው ናሙና ግማሹን ስጡት። ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፤ ኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅንም ያስቀራል።

8. ላቦራቶሪ ውስጥ

ያልሟሟ ጠጣር። የብርጭቆ ቃጫ (ፋይበር) ማጣሪያ ወረቀት ታጥቦ፣ ደርቆ ይመዘናል። የታወቀ መጠን ያለው ፍሳሽ ይጣራበታል። ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ሰዓት ደርቆ፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ መለዋወጥ እስኪያቆም ይደጋገማል። 50 ሚሊ ሊትር አጣርተን ወረቀቱ ከ0.1215 ግራም ወደ 0.1467 ግራም ቢከብድ፣ ጭማሪው 25.2 ሚሊግራም ነው። በሊትር 504 ሚሊግራም ይሆናል።

ሲኦዲ። ናሙናው ከፖታሲየም ዳይክሮሜትና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይቀቀላል። ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ የለውጡ መጠን ይነበባል። ዋናው አሳሳች ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። ለዚያ ሜርኩሪ ሰልፌት ይጨመራል፤ ግን ክሎራይዱ ከ2000 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ናሙናውን ማቅጠን ያስፈልጋል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎችም ሲኦዲው ከእውነቱ በላይ ይታይባቸዋል። ያገለገለው ቱቦ ሜርኩሪ፣ ብርና ክሮሚየም አለበት። ሲንክ ውስጥ መድፋት ፋብሪካውን የምንከስበትን ነገር ራሳችን ማድረግ ነው፤ ለብቻው ተጠራቅሞ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይወገድ።

ቢኦዲ። ይህ የሕያዋን ፈተና ስለሆነ ይበልጥ ይንከባከቡታል። ጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ፣ 5 ቀን ይቀመጣል። ተሕዋስያኑ ቆሻሻውን ሲበሉ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ቅናሹ ይለካል። ችግሩ በ20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ 9.1 ሚሊግራም በሊትር ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽ መቅጠን አለበት። ቢኦዲው 600 አካባቢ ከተጠበቀ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ቀሪው በማቅጠኛ ውሃ ይሞላል። ያ 150 ጊዜ ማቅጠን ነው፤ ቅናሹ ወደ 4 ይሆናል። ውጤቱ የሚታመነው ቅናሹ ቢያንስ 2፣ የቀረው ኦክስጅን ደግሞ ቢያንስ 1 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ነው። በትክክል ስለማይገመት ሦስት አራት ዓይነት ቅጥነት አብራችሁ አስገቡ።

የፋብሪካ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ በውስጡ በቂ ተሕዋስያን የሉትም፤ ከቤት ፍሳሽ ዘር ይጨመርበታል። ፒኤቹ ወደ ገለልተኛ ይመለሳል፣ ክሎሪን ካለ ይወገዳል። የግሉኮስና ግሉታሚክ አሲድ መፈተሻ አብሮ ይገባል፤ 198 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 30.5 ካልሰጠ ያን ቀን የሠራችሁት ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

እዚህ ፈተናው ሌላ ነገርም ይነግራችኋል። የ1 በመቶ ቅጥነት ቢኦዲ 350፣ የ0.25 በመቶ ቅጥነት ግን 900 ቢሰጥ ላቦራቶሪው ተሳስቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ፍሳሹ ሲቀጥን ተሕዋስያኑ በደንብ መብላት ጀመሩ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ውስጡ መርዝ አለ። ማጣሪያ ጣቢያው ሊሰማው የሚገባው መልእክት ይሄ ነው፤ አማካይ ወስዶ መዝጋት ግን ይቀብረዋል።

ብረቶች። ናሙናው በአሲድ ተቀቅሎ፣ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም በአይሲፒ ማሽን ይነበባል። ሪፖርቱ ላይ «ጠቅላላ» ነው ወይስ «የሟሟ» የሚለው ይታይ። ገደቡ ብዙ ጊዜ በጠቅላላ ነው።

9. ቁጥሮቹን እርስ በርስ አጣሉ

ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ ገደቡን አትመልከቱ። ቁጥሮቹ ይስማማሉ ወይ? ሲኦዲ ከቢኦዲ ማነስ የለበትም። የሟሟ ብረት ከጠቅላላው አይበልጥም። ለቤት ፍሳሽ ሲኦዲ ከቢኦዲ ወደ 2 እጥፍ ነው። 4 ወይም 5 እጥፍ ከሆነ ፍሳሹ ለተሕዋስያን የሚከብድ ነው። ብላንኩ ንጹህ ነው? ጥንዱ ይቀራረባል? የመጠበቂያ ጊዜው አላለፈም?

«አልተገኘም» የሚለውን ውጤት 0 አድርጋችሁ አትጻፉ። ማሽኑ ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው፤ ከነምልክቱ ተዉት። የማሽኑ ዝቅተኛ ወሰን ራሱ ከሕጉ ገደብ በላይ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ምንም አላረጋገጠም።

ከዚያ መጠኑን አስሉ። ሚሊግራም በሊትር በቀን ሜትር ኩብ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ኪሎግራም በቀን ይሰጣል። ሲኦዲ 1200፣ ፍሰት 80 ሜትር ኩብ ቢሆን በቀን 96 ኪሎግራም ነው። ለማጣሪያ ጣቢያው የሚከብደው ይህ ቁጥር ነው።

10. ከገደብ ያለፈ ውጤት ሲገኝ

ፋብሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ለሚመለከተው አካል ሳትዘገዩ አሳውቁ፤ ፈቃዱ ቀነ ገደብ ይሰጣል። ናሙናው ይደገም፤ ግን የመጀመሪያው ውጤት አይሰረዝ። ፋብሪካው «ያን ቀን ልዩ ነገር ነበር» ካለ ምን እንደነበረ በጽሑፍ ይግለጽ።

ምንጩ የማይታወቅ ከሆነ ወደ ላይ ተከተሉት። ችግሩ የታየበትን ማንሆል ይዛችሁ፣ መስመሩ ወደ ሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሂዱ። ከሁለቱም በአንድ ሰዓት ቅዱ። ብረቱ ያለበትን ቅርንጫፍ ያዙና ቀጣዩ መገንጠያ ላይ ድገሙት። መንገድ ላይ ፒኤችና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም የሚለካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ ብዙ የላቦራቶሪ ወጪ ያድናል፤ የተጠረጠሩትን ብቻ ለብረት ትልካላችሁ። የቱቦውን ግድግዳ አተላ ለዚህ ሥራ መቅዳት ይቻላል። ለሕግ ክርክር አይሆንም። ነገር ግን ብረት አተላ ውስጥ ስለሚጠራቀም ሌሊት ተደፍቶ ያለፈውን ሁሉ ይዞ ይጠብቃችኋል። የብረቱ መጠን በድንገት የሚወድቀው የትኞቹ ሁለት ማንሆሎች መሃል እንደሆነ ስታገኙ፣ በዚያ መሃል መስመሩ ላይ የተገናኙት ግቢዎች ጥቂት ናቸው። ከዚያ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ወዳለው ሥራ ተመለሱና እያንዳንዱን ግቢ በእግር ዙሩ።